አንድ፣ ሁለት ይበሉ

ካዛንቺስ፣ ከባንኩ በላይ፣ አራተኛው ፎቅ፤
የኔ እንጀራ ይኸው ነው፤ ማይክ መሰካት፣ ድምፅ መጠበቅ።
ሽቦውን ከነጠላዋ ጥለት ሥር ሸሽጌ፣
ማዳመጫዬን በጆሮ ግንዴ ላይ አጥብቄ አድርጌ
«አንድ፣ ሁለት ይበሉ» አልኳት፣ «ድምፅዎን ልለካ።»
«አንድ ብቻ ነበረኝ» አለች።
አረንጓዴው መብራት ብልጭ አለ፤ ተለካ።

ጠረጴዛው ላይ ሶፍት አለ፣ የስፖንሰር ሶፍት፣
ስሙን ለካሜራው የሰጠ፣ ጀርባውን ለሴትዮዋ ፊት።
ውሉ ላይ በአንቀጽ ሰፍሯል፦ እንግዳ ሲያለቅስ
ከዚያው ካርቶን ይመዘዝ፣ እንባው በዚያው ይታበስ።

ናርዶስ ጠየቀች፣ ድምፅዋ ማር እንደላሰ፣
«የዚያን ዕለት ጠዋት ልጅዎ ምን ነበር የለበሰ?»
ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን ልናገር፤
እናቷን ስትቀብር አይቻታለሁ፣
መሬት ስትቧጥጥ፤ ያኔ ካሜራ አልነበር።

እኔ የምሰማው ግን ከቃል በታች ያለውን ነው፦
ምራቋ ሲወርድ፣ የልቧ ምት ቃሏን ሲቀድመው፣
ሆዷ ሲጮህ፤ ቁርስ አልቀመሰችም።
እሱን እንቆርጠዋለን፤ ረሀብና ሐዘን
በአንድ ፕሮግራም አይተላለፉም።

«ከሰባተኛ ፎቅ» አለች፣ «ከመወጣጫው ላይ፣
አርማታ ተሸክሞ። እኔ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ፣ ምኑን ልይ?»
ብላ ዝም።
አሥር ሰከንድ። ሃያ።
ሚልኪያስ ከመስተዋቱ ጀርባ፣ እንደ ታክሲ ረዳት
እጁን ያወናጭፋል፦ ና! ና! ና! ለእንባው፣ ጥቂት!

ናርዶስ ሶፍቱን አስጠጋች። ሴትዮዋ አየችው፤
ደረቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችው።
«ቁረጥ!» አለ ሚልኪያስ።
«እንደገና እንሂድ እናቴ፤ ከመውደቁ ይጀምሩልን፣ ቀስ...»

እንደገና ወደቀ ምንተስኖት።
ሦስተኛም ወደቀ፤ ግንባሯ ስላብረቀረቀ ፓውደር ቀባናት።
በአራተኛው አለቀሰች።
ሚልኪያስ አውራ ጣቱን ቀሰረ። ሶፍቷ ተመዘዘች።

ሲተላለፍ፣ በእንባዋና በእንባዋ መሀል ማስታወቂያ፦
«ባለ ሦስት መኝታ፣ ከነመኪና ማቆሚያ፣
ለገሃር እምብርቱ ላይ! አሥር በመቶ ብቻ ይክፈሉ!»
ያው ፎቅ ይሁን ሌላ አላጣራሁም፤
መስተዋት ለብሰው ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

ሰኞ ጠዋት ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣
የፊተኛዋ ልጅ ስልኳን ስትከፍት፣ ከትከሻዋ በላይ
አየሁት፦ ፊቱ በቀይ ቀለበት ተከቦ፣ በቀይ ቀስት ተወግቶ።
ልጅቷ አለቀሰች። ከልቧ ነው፤ ይህንንም ልመስክር።
ከዚያ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ገፋችው፤
ቀጥሎ የመጣው ስለ ፀጉር ቅባት ነበር።

ረቡዕ ከበሩ ጥበቃ ጋር ቆማ አገኘኋት።
ገንዘብ መስሎኝ ሆዴ ባባ፤ ኪሴን ዳበስኩላት።
«ፎቶውን ነው» አለች፣ «ለቴሌቪዥኑ ያላችሁኝን፤
የስምንተኛ ክፍል ነው። ሌላ የለኝም፤ መልሱልኝ እሱኑን።»
ናርዶስ ስብሰባ ላይ ነበረች።
«ነገ» ተባለች። ሐሙስ መጣች፤ ዓርብ መጣች፤ ከዚያ ቀረች።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ባትሪ ስፈልግ፣ መሳቢያ ውስጥ አየሁት፤
የሻይ ብርጭቆ ጉንጩ ላይ ክብ አትሞበት።
ይዤው ወረድኩ ወደ ሰፈሯ፤ ሰፈሯ የለም።
ቆርቆሮ አጥር፤ ባጥሩ ላይ ፏፏቴ፣ ሣር፣ የሚስቁ ሰዎች በቀለም።
«ግማሹ ገላን፣ ግማሹ አራብሳ» አለኝ ሊስትሮው፣
ብሩሹን ሳያቆም፣ ዓይኑን ሳያነሣ ከጫማው።

የልጇን ስም ቀይሬዋለሁ፤ የሷን አልጻፍኩት፤
ስክሪኑ ላይ በቢጫ ሰፍሮ ነበር፣ ይብቃት።
ግን «አንድ ብቻ ነበረኝ» ያለችው ከተቆረጠው ውስጥ ነው፤
ከኔ ጆሮ በቀር ማንም አልሰማው።
እስካሁን።
ይኸው ለናንተ ሰጠሁት፤
እሷ ቤቷ ሲፈርስ፣ እኔ በቃሏ ቤት መታሁበት።

ፎቶው ኪሴ ውስጥ ነው። ኮሌታው እስከ አንገቱ ተቆልፏል።
ፎቶ አንሺው «እንዳትንቀሳቀስ» ብሎት ይሆናል፤
አልተንቀሳቀሰም።